ስለማይቈጠረው ዋንጫ

በአዲስ አበባ በየመንደሩ ባሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች፣ ከቅዳሜ ቀትር ጀምሮ እስከ እሑድ ሌሊት ድረስ ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቆ የሚሰበሰበውን የእንግሊዝ እግር ኳስ ምእመን በቀኖናው ጥብቅነት የሚተካከለው ጉባኤ በዚህ ዘመን እንደሌለ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ስገምት ኖሬያለሁ፤ ጥብቅነቱ እስከ ምን ማዕረግ እንደሚደርስ የተገለጠልኝ ግን በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በመሆኑ፣ የሚገባውን ውዳሴ ሳላቀርብለት ባልፍ ንፉግ መባሌ አይቀርም።

አስቀድመን የአርሴናልን ደጋፊ እናንሣ። ይህ ሰው፣ ግንቦት 9 ቀን 1998 ዓ.ም. ባርሴሎና ፓሪስ ላይ ቡድኑን 2 ለ 1 ረትቶ የአውሮፓን ዋንጫ ካስቀረበት ሌሊት ወዲህ፣ በየዓመቱ በመስከረም ተስፋ እያደረገ በሚያዝያ እያዘነ፣ የባላንጣዎቹን ፌዝ በቃሉ እስኪያጠናው ድረስ እየሰማ፣ ኢዮብን በሚያስንቅ ትዕግሥት ኖረ። ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመኘው ሁሉ ሆነለት። ያው መድፍ የተሣለበት ማልያ፣ ያንኑ ባርሴሎናን፣ ሊዝበን ላይ በስቲና ብላክስቴኒየስ ብቸኛ ግብ ረትቶ የሻምፒዮኖች ሊግን ዋንጫ አነሣ። መንገዱም ደጋፊ የሚወደው ዓይነት መንገድ ነበር፤ ቡድኑ ከማጣሪያ ተነሥቶ፣ በባየርን ሙኒክ 5 ለ 2 ተቀጥቶ፣ አሠልጣኙ ዮናስ አይድቫል ወዲያው ሥራውን ለቆ፣ ምክትሉ ሬኔ ስሌገርስ በአደራ የተረከበችው ከመሆኑም በላይ፣ ማድሪድ ላይ በሬያል 2 ለ 0 ከተረታ በኋላ በሜዳው 3 ለ 0፣ በገዛ ሜዳው በሊዮን 2 ለ 1 ከተሸነፈ በኋላ ደግሞ እዚያው ሊዮን ድረስ ሄዶ 4 ለ 1 እያሸነፈ የመጣ ነበር። እንግዲህ 19 ዓመት የጾመ ሰው ማዕዱ ሲቀርብለት ምን ማድረግ ነበረበት? የእኛ ሰው ማዕዱን በሩቁ አየት አድርጎ፣ «የሴቶቹ እኮ ነው» አለና ጾሙን ቀጠለ። እንዲህ ያለ ምናኔ በገዳም እንኳ ብርቅ ነው።

የቼልሲው ደጋፊ ትሩፋት ከዚህም ይልቃል። አርሴናል በ1996 ዓ.ም. አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ ከወሰደ ወዲህ፣ ይህ ምስኪን በክርክር መካከል «እናንተ መቼ ሳትሸነፉ ጨርሳችሁ ታውቃላችሁ?» እየተባለ አፉ ያልተዘጋበት ቅዳሜ የለም። በ2017 ዓ.ም. ግን ሶኒያ ቦምፓስቶር የምታሠለጥናቸው የቼልሲ ሴቶች 22 የሊግ ጨዋታ አድርገው፣ 19ኙን አሸንፈው፣ በ3ቱ አቻ ወጥተው፣ አንድም ሳይሸነፉ በ60 ነጥብ አርሴናልን ሁለተኛ አስቀርተው ስድስተኛውን ተከታታይ የሊግ ዋንጫ ወሰዱ፤ ያም አልበቃ ብሎ ሁለቱን የአገር ውስጥ ዋንጫዎች ደረቡበት። ለ21 ዓመት የታጣው መልስ ተገኘ ማለት ነው። እርሱ ግን መልሱን እንደያዘ ዝም አለ።

በዚህ ዝምታ ውስጥ የተሰወረውን ጥበብ ያላስተዋለ ሰው ደጋፊዎቹን ባላዋቂነት ይከስሳቸው ይሆናል፤ እኔ በመካከላቸው ያልተጻፈ ኪዳን እንዳለ አምናለሁ። የቼልሲው ሰው ያለመሸነፍን ክብር ከሴቶቹ ቢዋስ፣ የአርሴናሉም ሰው በበኩሉ የአውሮፓን ዋንጫ ከሴቶቹ ይዋስና፣ «አውሮፓን አታውቋትም» የሚለው የሰማያዊዎቹ የቈየ ስድብ በዚያው ቀን ይሻራል፤ የሁለቱም ጕድለት በአንድ ጊዜ ከሞላ ደግሞ የቅዳሜው ጉባኤ በምን ይከራከራል? ስለዚህ በዳኛ ፊሽካ፣ በቪኤአር፣ በአሠልጣኝ ምርጫ፣ በሻይ ሒሳብ እንኳ ተስማምተው የማያውቁት ሁለቱ ወገኖች በዚህ በአንዱ አንቀጽ ያለ ሸምጋይ ተስማሙ። (የአርሴናል ሴቶች የአውሮፓን ዋንጫ በ1999 ዓ.ም.ም አንድ ጊዜ ወስደውት ነበር፤ ኪዳኑ ያን ጊዜም አልፈረሰም።)

ሊቃውንቱ ምክንያት ሲጠየቁ የሚሰጡት አንድምታ ሁለት ነው። አንደኛው «ፍጥነት የለውም» የሚል ሲሆን፣ ይህን የሚበይነው ዘወትር ከታክሲ ወርዶ የዲኤስቲቪውን ቤት ደረጃ ሲወጣ ሁለት ጊዜ የሚያርፈው ሰው ነው። ሁለተኛው «ተመልካች የለውም» ነው፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. አርሴናልና ማንችስተር ዩናይትድ ኤምሬትስ ላይ ሲጫወቱ የተገኙት 60,160 ሰዎች ምናልባት መንገድ ስተው የገቡ ይሆናሉ።

በዚህ ረገድ የእንግሊዝ አባቶች እንኳ ከእኛ ደጋፊ ብዙ ያንሳሉ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1913 ዓ.ም. ፕሬስተን ከሚገኘው የዲክ ኬር ፋብሪካ የወጡት ሴት ሠራተኞች ሊቨርፑል ውስጥ ጉዲሰን ፓርክ ላይ ሲጫወቱ 53,000 ያህል ሕዝብ ቢሰበሰብ፣ የእግር ኳሱ ማኅበር ደንግጦ፣ ኅዳር 26 ቀን 1914 ዓ.ም. ጨዋታው ለሴት ልጅ የማይስማማ ነው ሲል በይኖ፣ አባል ክለቦች ሜዳቸውን እንዳይፈቅዱላቸው አወገዘ፤ ግዝቱም 50 ዓመት ያህል ጸና። እነዚያ ሰዎች ሴቶቹን ላለማየት ጉባኤ መጥራት፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ በር መዝጋት ግድ ሆኖባቸዋል። የእኛ ደጋፊ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ግቦቹ በስልኩ ውስጥ እየታዩ፣ ማንም ሳያወግዘው በገዛ ፈቃዱ ዓይኑን ይጨፍናል።

የሩቁን ላላየ ሰው የቅርቡን ማንሣት ድፍረት መሆኑን ባልዘነጋም፣ በዚያው በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አንዱን የአርሴናል ወዳጄን ስለ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ጠየቅሁት፤ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ አሸንፈው፣ ለአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮኖች ሊግ ወደ ሞሮኮ መሄዳቸውን አስታውሼ ነበርና። እርሱም ባንኩን በሚገባ እንደሚያውቀው፣ ደመወዙም በዚያ እንደሚገባለት፣ ሴቶቹም በመስኮቱ ዘንድ እጅግ ትሑታን እንደ ሆኑ መሰከረልኝና፣ ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አርሴናል የአውሮፓን ዋንጫ ሲወስድ ሳያይ እንዳይሞት እንድጸልይለት ለመነኝ።