በመንዝ አስፈሪ ልብ ወለድ ለመጻፍ ለተነሡ

አስፈሪ ልብ ወለድ ሊጽፉ ቆርጠው ተነሥተዋል አሉ። ጎቲክ የሚሉትን፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዞች እሳት ዳር ተቀምጠው እያነበቡ ሲንቀጠቀጡበት የነበረውን ዓይነት። እሰየው! ቦታውም መንዝ ይሁን ብለዋል፤ አልተሳሳቱም። ግን ብዕርዎን ከማንሣትዎ በፊት ጥቂት ልምከርዎ።

ዕቃው ሞልቶልዎታል። ጉሙን ከጓሳ ደጋ በነፃ ያገኛሉ፤ ከ3,200 ሜትር በላይ በሐምሌ ጠዋት የወጣ ሰው የገዛ በቅሎውን ጆሮ ማየት ይቸግረዋል። ግድግዳው ክንድ ሙሉ የወፈረ፣ በጓሳ ሣር የተከደነ የድንጋይ ቤትም አለልዎ። ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ደም መጣጩን ቆንት ድራኩላን ጥቁር ካባ አልብሶ በግንብ ላይ ሲያስኬደው፣ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ጥቁር በርኖስ አላየም እንጂ ቢያይ ኖሮ ቆንቱ በብርድ ባልተሰቃየ ነበር።

እንስሳቱ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ተኩላ በጨረቃ ያላዝናል ብለው ከጻፉ የአገሩ ሰው ይስቅብዎታል። የጓሳው ቀይ ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ አይጥና ፍልፈል ሲያባርር የሚውል ነው፤ ይባስ ብሎ ከጭላዳ መንጋ መሀል ገብቶ ይንጎራደዳል፣ ጭላዳውም ዝም ይለዋል። እንዲህ ባለ አውሬ ማንን ያስፈራሉ? ጭላዳው ራሱ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስል ነበር፤ ደረቱ ደም የፈሰሰበት የመሰለ ቀይ፣ ክራንቻው ቢላዋ፣ አዳሩ ገደል ላይ። ምን ያደርጋል፣ ቀኑን ሙሉ ቂጡ ላይ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። ይህችን ነገር ለአንባቢ እንዳይነግሩ አደራ።

ሬሳም አያዋጣም። አርባራ መድኃኔዓለም ዋሻ ውስጥ ሳይፈርስ የደረቀ አስከሬን አለ። የለንደን ደራሲ ቢያገኘው ሦስት ቅጽ ይወጣው ነበር፤ የእኛ ሰው ግን ተሳልሞ፣ አማትቦ፣ ወደ እርሻው ይመለሳል።

የጨለማ እስር ቤት ካስፈለገዎ አይፍጠሩ፣ ተጽፎልዎታል። ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ በእንግሊዞች ተልኮ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሰንብቷል፤ አገሩ ገብቶ ባሳተመው መጽሐፍም የጎንቾን እስር ቤት አንሥቷል። የንጉሡ ሥጋ ዘመዶች ዙፋኑን እንዳይመኙ የሚታሰሩበት ነበር። ሐረጋቸው ከመንዝ የሚመዘዝ መሳፍንት በሰንሰለት! ብቻ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ያሳሰራቸው መንፈስም እርግማንም አይደለም፣ ውርስ ነው።

ዋናው ምክሬም እዚሁ ላይ ነው፤ መናፍስቱን ይተዉና ርስቱን ይያዙ። ያ ሁሉ የእንግሊዝ ማቃሰትና የበር ሲጢጥታ ሲገለጥ ውስጡ የውርስ ክርክር ነው። የኤሚሊ ብሮንቴ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» የወጣው ሣህለ ሥላሴ ባረፉበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1847 ነው። የመጽሐፉ ሂትክሊፍ ሁለት ቤተሰብ የሚያጠፋው ደም መጥጦ አይደለም፤ ቤታቸውንና መሬታቸውን ጠቅልሎ እንጂ። በዊልኪ ኮሊንስ «ነጭ የለበሰችው ሴት» ውስጥም አንዲት ወይዘሮ በቁሟ ሞታለች የምትባለው ለገንዘቧ ነው። ይህን ለመንዜ ቢያወሩለት «እና ዳኛው ምን አለ?» ይልዎታል።

በመንዝ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። ስለዚህ የሞተ ሰው ማረፊያ አልነበረውም፤ ከተቀበረ መቶ ዓመት ያለፈው ቅድመ አያት ዳኛ ፊት ይጠራል። ሰንሰለት አይጎትትም፣ ሻማ አያጠፋም። ስሙ ብቻ ይነሣና ሦስት ጥማድ መሬት ይዞ ይሄዳል።

እናቴ ልጅ ሳለች ያየችውን ልስጥዎና ይጀምሩበት። ሌሊት ስም ሲጠራ ሦስት ጊዜ ሳይደገም «አቤት» አይባልም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የለም። አንድ የክረምት ሌሊት ከውጭ አንድ ድምፅ አያቴን በስማቸው ጠራ። እናቴ ባናዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ደገመ። ውሻው አይጮኽም። ሲሠልስ አያቴ «አቤት!» አሉ። ጎረቤት ኖሯል፤ በርኖሱ በካፊያ ርሷል። አያቴ እየሳቁ እሳቱን ቆሰቆሱ፣ ቆሎ ቀረበ።

«ከመርሐቤቴ አንድ ሰው መጥቷል» አለ እንግዳው እጁን እያሞቀ። «ከዋናው አባታችሁ እወለዳለሁ ይላል።»

«ይቁጠራ» አሉ አያቴ።

«ቆጠረ። ሰባት ቤት፣ አንድም ሳይስት።»

የአያቴ እጅ ቆሎው ላይ ቀረ።