«ማን ነካው?»፦ አዲስ ዊንዶው ስለተጫነበት የቤት ኮምፒውተር ጠባይ የቀረበ አጭር ጥናት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 ስለ መሻገር ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ግን ሁሉም ስለ ኮምፒውተሩ ነው፤ ኮምፒውተሩ ስለተቀመጠበት ሳሎን ትንፍሽ ያለ የለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ይሞላል ተብሎ ይታመናል። የሚያምነው ለጊዜው አጥኚው ብቻ ነው።

ለናሙና የተመረጠው ሞኒተሩ ዳንቴል የለበሰ አንድ ዴስክቶፕ ነው። ባለቤቱ ጡረተኛ አባወራና የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ናቸው፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ አልጋ ሲይዝ የዕድሩ ማስታወቂያም አብሮ ይተኛል።

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። የሰፈር ባለሙያዎች ይህን የሚያዩት እንደ መስፈርት ሳይሆን እንደ አስተያየት ነው፤ ማለፊያ መንገዱን ያውቁታል። ናሙናችን ግን በዋናው በር የገባ ነው። «እሺ» የሚለውንም የተጫኑት አባወራው በገዛ እጃቸው ነው። ይህን ነጥብ ከዚህ በኋላ በቤቱ ውስጥ ማንም አያነሣውም።

የጭነቱ ዕለት ማታ ስክሪኑ «ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» አለ። ስለ ምን ቢሉ፣ ፋይሎቹ እየተተኩ ነውና በመሐል ቢቋረጥ ማሽኑ ከሁለት ያጣ እንዳይሆን። አንድም፣ መብራት ሳይናገር እንደሚሄድ ስለሚያውቅ። አንድም፣ ባለቤቱ ከወንበሩ ተነሥቶ እንዳይተኛ። ቁጥሩ 61 በመቶ ላይ ቆመ። ቤተሰቡ እራት በላ፣ ቡና ተፈላ፣ ሦስተኛው ተጠጣ፤ 61 ነበር።

ሲነጋ የስታርት ምልክቷ ከግራ ጥግ ተነሥታ መሐል ገብታለች። የዊንዶውስ 11 ተፈጥሮው ነው፣ በሽታ አይደለም። በሽታው ፕሪንተሩ ላይ ነው። ገመዱ ተሰክቷል፣ አረንጓዴው መብራት በርቷል፣ ኮምፒውተሩ ግን «ኦፍላይን» ብሎ ድርቅ አለ። የዚህ ዓይነቱ ሕመም መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨሩ ነው፤ ለአሮጌው ሲስተም የተሠራው ሾፌር ከአዲሱ ጋር በቅጡ አልተዋወቀም።

ምርመራው ግን ከድራይቨር አልተጀመረም፤ የተጀመረው «ማን ነካው?» ከሚለው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ፊልም ያየችው ልጅ ተጠረጠረች። ቀጥሎ ከክፍለ ሀገር የመጣው የአጎት ልጅ ፍላሽ ተነሣ። ለጥቆ ዳንቴሉን ለማጠብ ያነሣችው የቤት ሠራተኛ ቃሏን ሰጠች። ዊንዶውስ ወደ ቀድሞው መመለስ ለሚሻ 10 ቀን ይሰጣል፤ አሮጌው ሲስተም በአንድ ፎልደር ተቀምጦ ይቆይና ቀኑ ሲያልፍ ይሰረዛል። በናሙናችን 10ሩም ቀን በቃል መቀበል አለቀ።

ሕክምናን በተመለከተ፣ ቀዳሚው ትምህርት የማጥፋትና የማብራት ነው። ልጂቱ ስሟን ለማጥራት ያህል ሞከረችው።

«አባባ፣ አጥፍተው ያብሩት።»

«ማታ ማታ ማን የሚያጠፋው መሰለሽ?»

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ቶሎ እንዲነሣ ተብሎ፣ «ሸት ዳውን» ሲባል የሲስተሙን እምብርት እንዳለ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ጠዋት የሚያነሣው ያንኑ ነው፤ ያመመው ድራይቨርም ከነሕመሙ ይነሣል። ሁሉንም ከሥሩ የሚያስጀምረው «ሪስታርት» ነው። ታስክ ማናጀር ውስጥ «አፕ ታይም» የሚለው ቁጥር ቢታይ ኖሮ፣ አባወራው ማታ ማታ የሚያጠፉት ኮምፒውተር ከጭነቱ ማግሥት ጀምሮ ዓይኑን እንዳልከደነ በተረጋገጠ ነበር። በዚያ ሰሞን ደግሞ መብራት በተአምር አልሄደም።

ሁለተኛው ትምህርት የጎረቤት ልጅ ነው። ገና ከበር ሳይገባ «ጋሼ፣ ፎርማት ነው የሚያስፈልገው፤ ዊንዶው ይጫንበት» አለ። ፎርማት ለሁሉ በሽታ የሚታዘዝ ሆኗል፤ በሽታውን ከበሽተኛው ጋር ስለሚያጠፋ ውጤቱ አያከራክርም። አባወራው ግን ስለ አሮጌ ደብዳቤዎቻቸው ሠጉ፤ ሥጋታቸውም መሠረት አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ሃያ ዓመት የሞላው የዕድር ቃለ ጉባኤ በዚያ መልክ ቢቀርብ ጠቅላላ ጉባኤው አያጸድቀውም።

ክርክሩ ሳያልቅ፣ ልጁ የፕሪንተሩን ገመድ ነቅነቅ እያደረገ ሳለ፣ መብራት ሄደ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ የሚቀሰቅሰው የተኛ እምብርት አልነበረውምና ሳይወድ በግዱ ከሥሩ ተነሣ። ፕሪንተሩ ጉሮሮውን ጠረገና ሲጠራቀም የሰነበተውን ሁሉ ይተፋ ጀመር፦ ቀኑ ያለፈ የስብሰባ ጥሪ፣ አሁንም ያው ጥሪ፣ አሁንም ያው።

የጥናቱ ዋና ግኝት እዚህ ላይ ነው። የቤት ኮምፒውተር ሲበላሽም ሲድንም ተጠያቂው መጨረሻ የነካው ሰው ነው። ልጂቱ በነካች ተወቀሰች፤ የጎረቤት ልጅ በነካ ተመረቀ፣ በረከት ያለው እጅ ተባለ። አሁን በሰፈሩ ፕሪንተር እንቢ ሲል የሚጠራው እሱ ነው፤ ሲመጣም ገመዱን ነቅነቅ ያደርጋል። መብራት ያጠፋውን አካል ግን ያመሰገነ አልተገኘም።

አንባቢም ኮምፒውተሩ ካስቸገረው ከማጥፋቱ በፊት «ሪስታርት» ይበለው፤ 10ሩንም ቀን ቤተሰብ በመመርመር አይጨርስ። ነገሩ ከፎርማት ከደረሰ ደግሞ ፎቶና ደብዳቤውን አስቀድሞ ፍላሽ ላይ ይገልብጥ። ባለሙያው «አይዞህ፣ ምንም አይጠፋም» ካለው ሁለት ፍላሽ ይያዝ።