ቺንጋው ተበጥሶ አማካሪ መጣልኝ

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ስልቻ ተሸክማችሁ ወፍጮ ቤት ተሰልፋችሁ ያደጋችሁ፣ ከእናንተ ሌላ ይህን ብሶቴን የሚረዳልኝ የለም። ዓለም ተበላሽታለች። መበላሸቷስ ይሁን፤ የሚጠግናት ጠፋ እንጂ! ጠጋኝ ነኝ ባዩ ሁሉ አማካሪ ሆኗል።

እኔ፣ አበልጄና ጡረታ የወጣው ጎረቤቴ መምህሩ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም በርበሬና ሽሮ ፈጭተን አሽገን ልንሸጥ ተሻረክን። በርበሬው ከቡሬ ይመጣል፤ የቡሬን በርበሬ ለማያውቅ አላወራም። እኔ ቤት ሰጠሁ፣ አበልጄ ገንዘብ አወጣ፣ መምህሩ ምክር አዋጣ፤ ከሦስታችን ብዙ ያዋጣሁ እኔ ነኝ የሚለውም እሱ ነው። የጎደለን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሞተሩን የሚገጥም፣ ሒሳቡን የሚይዝ፣ ስልኩን የሚነካካ፣ ገንዘብ ደግሞ የማይጠይቅ ሰው። ይህ ብዙ ነው እንዴ?

በእኛ ጊዜ ብዙ አልነበረም። በእኛ ጊዜ ወፍጮ ሲቆም የሚጠራ አንድ መካኒክ ነበረን። ባሕር ዳር፣ ሶቪየቶቹ በ1955 ዓ.ም. ባቆሙልን ፖሊ ቴክኒክ የተማረ፣ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚሄድ ሰው። ይመጣል፤ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ይለጥፋል፤ «ኩሽኔታው ነው» ይላል፤ አለቀ። ስብሰባ የለ፣ ሪፖርት የለ፣ ደረሰኝ የለ። ጠላ ይጠጣል፣ ዶሮ ይታረድለታል፣ ሁለት ሌሊት ያድራል፣ ሲሄድ ማር ይቋጠርለታል። ገንዘብ የሚባል ነገር ካፉ አይወጣም። ኩሽኔታው በጭነት መኪና የዓባይን በረሃ አቋርጦ እስኪደርስ ወፍጮው አንድ ወር፣ ሲከፋም ሁለት ወር ጸጥ ይላል፤ እናቶቻችንም በመጅ እየፈጩ ይጠብቃሉ። እንዴት ያለ ሰላም ነበር! ያን ሰው ያልወደደው አባቴ ብቻ ነው። «ይህ ሱሪው የጠበበ የፖሊ ልጅ ምን ያውቃል» ይለው ነበር። አባቴ ፍኖተ ሰላምን እስኪሞት ድረስ ወጀት እያለ ነው የጠራት፤ አዲስ ነገር ሁሉ ያስጠላው ነበር። ደግነቱ እኔ በሱ አልወጣሁም።

ዛሬስ? ቺንጋው ተበጠሰ፣ ባለሙያ ፈልጉልኝ አልኩ። በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ ፒንሳ መያዝ የቻለ ልጅ ሁሉ ዓይኑ ወደዚያ ነው፤ እኛ ዘንድ የቀረው ፒንሳ የማይዘው ነው። አንዱ ጫማውን አስጠርጎ መጣ። ቺንጋውን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «የቢዝነስ ሞዴላችሁ ምንድን ነው?» አለኝ። ሞዴሉን ሞተሩ ጀርባ ላይ ከተለጠፈው ቆርቆሮ አነበብኩለት። ሳቀ። ምን ያስቀዋል? ከዚያ ሎጎ ያስፈልጋችኋል አለና የጠራው ዋጋ ጊደር ይገዛል። ለሥዕል! እኔ በርበሬ ልሸጥ ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን ላሥል ነው እንዴ?

ወረቀቱ ደግሞ ሌላ መከራ ነው። ድሮ ሽርክና ማለት ሁለት ሰው፣ አንድ ምስክርና «ማርያምን» ነበር። አባቴና አጎቴ አንዲት በቅሎ በሽርክና ገዝተው አንድም ፊርማ ሳይፈራረሙ ዘመናቸውን ኖሩ። በቅሎዋ ከሞተች በኋላ ይግባኝ እየተባባሉ አዲስ አበባ ድረስ የተካሰሱት በኮርቻው ነው፤ በበቅሎዋ አንድ ቀን ቃል አልተለዋወጡም። ቃል እንዲህ ይከበር ነበር።

አሁን መምህሩ መነጽሩን አድርጎ አዋጅ ያነብልናል። በኅብረት ሽርክና ማኅበር ከገባን፣ ማኅበሩ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው አበዳሪው የእያንዳንዳችንን በር ያንኳኳል አለን፤ የአበልጄ ዕዳ የኔን በሬ ይነዳል ማለት ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይሻላል ቢለን እሺ አልን። ይህንን ጃንሆይ በ1952 ባወጡት የንግድ ሕግም እናውቀዋለን፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ይል ነበር፣ ደግ። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ግን ምን ጨመረ መሰላችሁ? አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር ይሁን! ብቻውን! ከማን ጋር ይጣላ? ትርፉን ማን ይካደው? ሽማግሌስ በማንና በማን መካከል ይቀመጥ? ሥራ ፈት ሕግ ነው። (መምህሩን ለብቻው አግኝቼ ያችን አንቀጽ ደግሞ እንዲያነብልኝ ጠይቄዋለሁ፤ ለጠቅላላ ዕውቀት ነው።)

ደግሞ አለ። በገቢ ግብሩ አዋጅ፣ በ979/2008፣ ነጋዴ ግለሰብ በገቢው መጠን ይመደባል፤ ድርጅት ከሆንክ ግን ገቢህ ምንም ያህል ቢያንስ ደረጃ «ሀ» ነህ፤ ስለዚህ የሒሳብ መዝገብ ያዝ። ይኸው ሦስት ሽማግሌ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ጋር አንድ ደረጃ ላይ ቆመናል። እኔ መዝገብ አጥቼ አይደለም፤ የከረጢቱን ሁሉ ከበሩ ኋላ ግድግዳው ላይ በከሰል እጽፍ ነበር። ባለቤቴ ለፋሲካ ቀለም ብትቀባው የ2016 ሒሳብ እንዳለ ጠፋ። ይህ የዘንድሮ ቀለም ምኑም አይታመንም። የሒሳብ ባለሙያ ብንጠይቅ በወር ክፈሉኝ ይላል፤ በወር! በርበሬ በዓመት አንዴ አይደል እንዴ የሚደርሰው? እኛ ጎጃሞች ደግሞ ወንፈል እናውቃለን፣ ደቦ እናውቃለን። ጠላ አስጠምቄ፣ ፍሪዳ ባይሆንም ሽሮ አሠርቼ፣ የከተማውን የሒሳብ ባለሙያዎች ደቦ ጠራኋቸው። አንድም አልመጣ! ለአጨዳ ሲሆን ጎረቤት ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይመጣ የለም? ለሒሳብ ምነው?

ስለ ቴሌብር ባላወራ ይሻላል። ከግንቦት 2013 ወዲህ ገንዘብ ድምፅ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አይቋጠርም። በ2015 ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያ ባለ ሎጎው ልጅ እጁን አጣጥፎ ቁጭ አለ፤ የኔ ከሰል ግን መጻፉን አላቋረጠም። እርግጥ ስልኬ ጭር ሲልብኝ ተበላሽቶ ይሆን እያልኩ ለልጅ ልጄ አሳያለሁ፤ ብር የገባልኝ እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ጥቃቅንና አነስተኛ ቢሮ ሂዱ ተባልን። የ2003ቱ ስትራቴጂ በኢንዱስትሪ ዘርፍ እስከ 5 ሰው፣ እስከ 100,000 ብር ካፒታል ያለውን «ጥቃቅን» ይለዋል፤ ሰባ ዓመት አልፎኝ ጥቃቅን ተብዬ ልመዘገብ! ከዚያው ግን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አሠልጣኝ መጥታ በነፃ ትረዳችኋለች፣ የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ይባላል አሉን። በነፃ የሚባለውን ስሰማ ቆሜ ነበር ተቀመጥኩ።

መጣች። የልጅ ልጄ እኩያ፣ ቱታ ለባሽ። «አባባ፣ ቺንጋውን ምን ነካው?» አለች። በጠፍር ነው ያሰርኩት፣ አንቺ ከመወለድሽ በፊት የማውቀው ብልሃት ነው አልኳት። ዝም ብላ ሲባጎ አወጣችና በሞተሩና በወፍጮው መዘውር ፊት ወጥራ ለካች። መዘውሮቹ አንድ መሥመር ላይ አይደሉም፤ ቺንጋው እየተንጋደደ ጠርዙ ይበላል፣ አዲስ ብትገዙም ይበጠሳል አለች። ቀጥላ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል አለችን! ርካሽ ነው ብለን ያመጣነው ኤሌትሪሲያን ስሪ ፌዙን አዛብቶት ኖሯል። ከሦስቱ ሽቦ ሁለቱን አቀያየረችው፣ በቃ። ዱቄቱ እያመነታ ይወጣ የነበረው ለካ ለዚህ ነው። እኔ በርበሬው እርጥብ ነው እያልኩ ገበሬውን ስወርፈው ከርሜያለሁ፤ ለነገሩ ገበሬም መወረፍ አይጎዳውም።

ካይዘን የሚባለውንም ከጃፓን ያመጡትን ጫነችብን፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የዕቃዎቼን ቅርጽ ግድግዳው ላይ አስምራ እያንዳንዱን በቦታው ሰቀለችው። ድሮ ካቻቢቴ ስፈልግ ግማሽ ቀን ያልፋል፣ በዚያውም አርፋለሁ። አሁን እጄን ስዘረጋ አገኘዋለሁ፤ ዕረፍት ቀረ። አበልጄ ትናንት ፒንሳዬን በመዶሻው ቅርጽ ላይ ሰቅሎ ባየው አልማርኩትም።

ጠላ አትጠጣም። ዶሮ ብናርድላት «ሥራ ላይ ነኝ አባባ» ትላለች። ሰውን ምስጋና የምታሳጣ ልጅ! የምትጠይቀው ፊርማ ብቻ ነው፣ እሱንም በሦስት ኮፒ። ለአለቃዋ አቤት ብያለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መምጣቷ ንቀት ነው፣ ሁለት ቀን ትምጣልን ብዬ። ከጅጋም ከቡሬም እሷን የሚጠይቁ በዝተዋል አሉ። ምን ሊያደርጓት? እኛ ገና ወንፊቱን አላስጨረስናትም፣ የሒሳቡን መዝገብም ካነበበችልን በኋላ ነው። ወረፋ ይጠብቁ።