መቶ ብዥታ ሲደመር

ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የጋይንት ከተማ ናት። ጉና በስተምዕራብ፣ ጨጨሆ በስተምሥራቅ ሆነው ንፋሱን እየተቀባበሉ ያሳልፉባታል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ልብ ያለው ሰው ጋቢውን ደርቦ እሳት ዳር ይቀመጣል። ልቡን ለሰማይ የሰጠ ጎረምሳ ግን ካሜራውንና ትራይፖዱን ይዞ ጓሮ ይወጣል። ሜዳ አይወጣም። በዚህ ዘመን በጨለማ ሦስት እግር ተክሎ የቆመ ሰው ስለ ኮከብ ከማስረዳቱ በፊት ስለ ራሱ ብዙ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

«አንተ ልጅ፣ ኮከብ መቁጠር ኪንታሮት ያወጣል ሲባል አልሰማህም?» ይላሉ እናቱ ከደጃፍ።

«እኔ አልቆጠርሁም እማዬ፤ የሚቆጥረው ሶፍትዌሩ ነው።»

እውነቱን ነው። የሚያሳዝነው ሶፍትዌሩም ቆጥሮ ምንም አለማግኘቱ ነው።

አገሩ ለሰማይ ፎቶ የታደለ ነው። እንጦጦ ላይ ያለው የጠፈር መመልከቻ ጣቢያ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ሁለት ይዞ፣ የአዲስ አበባ መብራት ከሥሩ እያጭበረበረ ያስቸግረዋል። የእኛ ልጅ በከፍታ ከእንጦጦ ብዙም አያንስም። መብራት በጠፋ ሌሊት ፍኖተ ሐሊብ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ተዘርግቶ ያድራል። ኦርዮን በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ወደ አናት ይጠጋል፤ የሰሜን ኮከብም የደቡብ መስቀልም በየወቅቱ ከአንድ ግቢ ይታያሉ። በከተማው ውስጥ መብራት ሲጠፋ የሚደሰት ሰው ቢፈለግ እርሱ ነው፤ ደስታውም የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ይቆያል።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ስትታይ፣ ማጣሪያ ያለው ሰው በአንድ ፎቶ ጉዳዩን ጨርሶ ነበር። ፀሐይ ብርሃን አይቸግራትም። የሌሊቱ ነገር ሌላ ነው። ምድር ስለምትዞር ዝም ብሎ የቆመ ካሜራ ኮከብን ለረጅም ጊዜ ማየት አይችልም። ፎቶ ቤት ውስጥ የምናገኘው ተራ ካሜራ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከገጠመ፣ ከስድስት ሰከንድ ገደማ በኋላ ኮከቡ ነጥብነቱን ትቶ ጭረት ይሆናል። ስድስት ሰከንድ ደግሞ ለደብዛዛ ኔቡላ አይበቃም። ስለዚህ መቶ ጊዜ ስድስት ሰከንድ ያነሳና ፎቶዎቹን በሶፍትዌር ይደራርባቸዋል። ባለሙያዎቹ ስታኪንግ ይሉታል።

ዘዴው ብልህ ነው። ኖይዝ የሚሉት ነጠብጣብ በአንዱ ፎቶ እዚህ፣ በሌላው እዚያ ስለሚወድቅ አማካይ ሲወሰድ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ኮከቡ ግን በቦታው ይጸናል። 4 ፎቶ ሲደራረብ ኖይዙ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ሲሆን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ እንደገና በግማሽ ለመቀነስ 100 መጨመር አይበቃም፤ 400 ማድረስ ያስፈልጋል። የእኛ ልጅ ከዚህ ሁሉ ትምህርት የያዘው አንድ ቃል ነው፦ «አብዛ!»

አበዛ። መቶውን ፎቶ ዲፕስካይስታከር ለሚባለው ፕሮግራም ሰጠው። ፕሮግራሙም ከመቶው የሚደራረበው አንዱ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስታወቀ። መልእክቱን ማንበብ የሚባል ነገር በእኛ ዘንድ የተለመደ ስላልሆነ፣ ልጁ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ጫነው። መልሱ ያው ሆነ። ከዚያ ውድ የሆነ ፕሮግራም በክራክ ይፈልግ ጀመር። ዲፕስካይስታከርም ሆነ ሲሪል የሚባለው ሌላው የመደራረቢያ ፕሮግራም በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ ነጻ የሆነ ነገር ግን አይታመንም፤ ተሰርቆ የመጣው ነው የሚከበረው።

አማካሪ አልጠፋም። የፎቶ ቤቱ ጋሼ «ሌንሱ ነው» አሉ። ለክረምት እረፍት የመጣው ተማሪ «ራሙ አነሰ» አለ። ዋሽንግተን ያለው አጎት በስልክ «አዲስ ካሜራ ካልተገዛ አይሆንም» ብሎ ፈረደ፤ ማን እንደሚገዛ ሳይናገር ኔትዎርኩ ተቋረጠ። ከመቶው አንዷን ፎቶ ከፍቶ ያያት ግን አንድም ሰው የለም።

ፕሮግራሙ የሚፈልገው ቀላል ነገር ነበር። ፎቶዎቹን ለማጋጠም በእያንዳንዳቸው ውስጥ ቢያንስ ስምንት ኮከብ መለየት አለበት። ልጁ ሌንሱን የማያልቅ ርቀት ምልክት ላይ አድርጎ «ፎከሱ አልቋል» ብሎ ነበር፤ ምልክቱና እውነተኛው ፎከስ ሁልጊዜ አይገናኙም። ኮከቦቹ እንደ ቂጣ ሰፍተው ወጡ፤ ቂጣ ደግሞ በኮከብነት አይቆጠርም። መላ ተገኘ ተብሎ የኮከብ መለያው ልክ ዝቅ ተደረገ። አሁን ፕሮግራሙ ነጠብጣቡን ሁሉ ኮከብ ብሎ በሺሕ ይቆጥር ጀመር። ቤቱ በደስታ ተሞላ፤ የጋይንት ሰማይ ያልነበረውን ኮከብ አገኘ። ተደራርቦ የወጣው ግን በዝናብ የታየ መስኮት ይመስላል።

ንፋሱም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሌላ ቦታ ትራይፖድ ማቆም ቀላል ነው፤ እዚህ ግን ትራይፖዱም ጋቢ ያስፈልገዋል። ልጁ ቁመቱን ለማሳመር እግሮቹን እስከ መጨረሻ ስቦ ያቆመዋል፤ ንፋሱም እየነካካ ኮከቡን ሁሉ ነጠላ ሰረዝ ያደርገዋል። እግሩን አሳጥሮ፣ ከካብ ሥር ተጠግቶ፣ መሐል ላይ ድንጋይ የያዘ ፌስታል ቢያንጠለጥል ግማሹ ችግር ይቃለል ነበር። መጫኛውን በጣት ከመደቆስ ይልቅ የሁለት ሰከንድ መጠበቂያውን ቢጠቀም ደግሞ ሌላው ግማሽ። ይህ ግን ገንዘብ ስለማያስወጣ መፍትሔ አይመስልም።

ከሁሉ የሚገርመው የዳርኩ ነገር ነው። ዳርክ ማለት የሌንሱን ክዳን ዘግቶ የሚነሳ ጥቁር ፎቶ ነው፤ የካሜራውን የራሱን ጉድፍ ለይቶ ለመቀነስ ይጠቅማል። ደንቡ በዚያው የጊዜ ርዝመት፣ በዚያው አይኤስኦና በዚያው ሙቀት መሆን አለበት ይላል። ልጁ «ክዳኑ ከተዘጋ የትም ያው ነው» ብሎ ቤት ገብቶ ምድጃ ዳር እየሞቀ ያነሳዋል። ካሜራውም አብሮ ይሞቃል፤ በብርድ ያልነበሩ ነጠብጣቦች ይፈላሉ። እነዚህ ሲቀነሱ ሰማዩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ቀዳዳ ይቀራል። ለፍላቱ፣ ማለትም የአቧራን ጥላ ለይቶ ለማረም ለሚነሳው ወጥ ብርሃን ያለው ፎቶ፣ ነጭ ነጠላ ሌንሱ ላይ ወጥሮ ወደ ማለዳ ሰማይ ማንሳት በቂ ነው፤ ነጠላ ደግሞ ከቤት አይጠፋም። የእኛ ሰው ግን መጀመሪያ ሌንሱን ነቅሎ ይጠርገዋል፣ ፎከሱንም ያዞረዋል። በዚህ ጊዜ የድሮው አቧራ ፎቶው ላይ ይቀራል፤ የአዲሱም ጥላ ተገልብጦ ደማቅ ነጠብጣብ ሆኖ ይጨመርበታል።

ኮከቦችን ተከትሎ የሚዞር መሣሪያ ከውጭ የተላከለት ሰው ከዚህ ሁሉ ያመለጠ ይመስላል። መሣሪያው ወደ ሰሜን ኮከብ ማነጣጠር አለበት። በንፋስ መውጫ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ 12 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ከባሕር ዛፍና ከኮረብታ ጀርባ አድፍጦ ያድራል። ሲጠፋበት ጊዜ የኔትዎርክ ማማውን መብራት ያያል፤ «ይህም ወደ ሰሜን ነው» ይላል።

የመቶው ፎቶ ጉዳይ ከገባኝ ጀምሮ ቤተልሔም ትዝ ትለኛለች። ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ድጓ የተማረ ሰው «አወቅሁ» የሚባለው እዚያ ወርዶ ሲያስመሰክር ነው። አንድ የተሳሳተ መጽሐፍ ቢኖር፣ ከእርሱ መቶ ቅጂ ቢገለበጥ፣ መቶው አንድ ላይ ቢነበብ ስህተቱ ይጸናል እንጂ አይታረምም። የሚያርመው ከትክክለኛው ጋር መተያየቱ ነው። የፎቶውም ሕግ ከዚህ አይወጣም። እዚህም እዚያም የወደቀ ስህተት በብዛት ይጠፋፋል፤ በመቶው ላይ አንድ ቦታ የወደቀ ስህተት ግን በብዛት ይከብራል። ያልተስተካከለ ፎከስ መቶ ጊዜ ሲደራረብ የሚገኘው በጣም የጠራ ብዥታ ነው።

መጣል ደግሞ አንወድም። ከመቶው 30ው በንፋስ ተነቅንቀዋል፤ 10ሩ ሌንሱ ላይ ውርጭ ካረፈ በኋላ የተነሱ ናቸው። «አውጣቸው» ሲሉት ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ «በብርድ የተንቀጠቀጥሁት ለነሱ እኮ ነው!» ይላል። ብርዱን የቻለው እርሱ ነው፤ ፎቶው ስለ ብርዱ አያውቅም። ደህና የሆኑት 60 ብቻቸውን ቢደራረቡ ከመቶው ይሻላሉ።

ስለዚህ አንተ የሰማይ ወዳጅ፣ ከመደራረብህ በፊት አንዷን ፎቶ ከፍተህ እስከ መጨረሻ አጉልተህ እያት። ኮከቧ ነጥብ ካልሆነች ሶፍትዌር አትቀይር፣ አጎትህ ጋም አትደውል፤ የትራይፖዱን ብሎን አጥብቅ፣ ፎከሱን ደማቅ ኮከብ ላይ አስተካክል፣ የተነቀነቀውን ጣል። አንዷ ያላማረች መቶ ሆና አታምርም።