ካዴቷና እኛ ምልምሎቹ

ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ልጅ ማሳደግ ከግማሽ በላይ መኪና መንዳት ነው። ዋና አለ፣ ፒያኖ አለ፣ የጓደኛ ልደት አለ፤ ሁሉም የከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው፣ ሁሉም በረዶ ሲጥል ነው። ስለዚህ ልጄ 12 ዓመት ሞልቷት "ኤር ካዴት ልግባ" ብላ ቅጽ ይዛ ስትመጣ፣ መጀመሪያ ያነበብኩት ዓላማውን ሳይሆን አድራሻውን ነበር። ቅርብ ነው። በሳምንት አንድ ማታ ነው። ክፍያ የለውም፤ የደንብ ልብሱንም ራሳቸው ይሰጣሉ። በዚህ አገር ነፃ የተባለ ነገር ሁሉ ጀርባው መታየት እንዳለበት ባውቅም እጄ ቀድሞኝ ፈረመ።

እናቷ ግን ብዕር አልነካችም።

"ልጄን ለውትድርና አልሰጥም!"

አይፈረድባትም። ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲያወጣ ታላቅ ወንድሟ "ከ18 እስከ 30" በሚለው መሐል ተገኝቶ ነበር። አፈሳው በበረታ ሰሞን እናታቸው ጓዳ፣ ከጎታው ጀርባ አንጥፈው ደበቁት። እሷ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ምሳውን በነጠላዋ ሸፍና ታቀብለው ነበር። የቀበሌ ሰው ደጅ በመጣ ቁጥር እሱ ቢስል እንዳይታወቅ ቤተሰቡ በሙሉ መሳል ይጀምራል። እንዲህ ያደገች ሴት "ስኳድሮን" የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ እንዴት ትፈርም?

አስረዳኋት። ካዴት ወታደር አይደለም፣ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ የወጣቶች ፕሮግራም ነው፣ ሲጨርሱ ጦር ሠራዊት የመግባት ግዴታ የለባቸውም አልኳት። እሺ ልትል ስትል "ወጪውን የሚችለው ማነው?" ብላ ጠየቀች። "የመከላከያ ሚኒስቴር" አልኩ። ሁሉም ነገር እንደገና ከጎታው ጀርባ ገባ። ታዋቂው ጠፈርተኛ ክሪስ ሃድፊልድ እንኳ በልጅነቱ ኤር ካዴት ነበር ብላት፣ "ከጦር ሜዳስ ሰው በእግሩም ይመለሳል፤ እዚያ የሄደ በምን ይመጣል?" አለችኝ። ነገሩን የፈታችው ልጅቷ ራሷ ናት። "እማዬ፣ ሥልጠና ላይ ስልክ መያዝ ክልክል ነው እኮ" አለቻት። ባለቤቴ ብዕር ፈለገች።

ኤር ካዴት የተጀመረው በፈረንጆች 1941፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሐል፣ ለአየር ኃይሉ ጎረምሶችን ለማዘጋጀት ነው። ሴቶች የገቡት በ1975 ነው። ይሄኛው 1975 የፈረንጆቹ መሆኑን ማስረዳት ሊያስቸግረኝ ስለሚችል ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

አማቴ አዲስ አበባ ሆነው ወሬውን ሲሰሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እኛ አገር ካዴት ከተባለ የመኮንን እጩ ነው፤ የአየር ሲባል ደግሞ በቃ፣ አብራሪ ናት። በሳምንቱ ዕድርተኛው ሁሉ የልጅ ልጃቸው ጄት እንደምታበር ሰምቶ ነበር። "እማማ፣ ገና ግራና ቀኝ መዞር ነው የሚያስተምሯት" ብላቸው፣ "ማንስ ቢሆን ከዚያ አይደል የሚጀምረው?" አሉኝ። ቀጥለውም "ደብረ ዘይት ቢሆንላት ኖሮ እሁድ እሁድ ስንቅ አደርስላት ነበር" ብለው ከልባቸው አዘኑ።

ሥልጠናው በሴፕቴምበር ተጀመረ። ልጅቷ ጥቁር ቦት ጫማ ይዛ መጣች፤ ፊት እስኪያሳይ ድረስ መወልወል አለበት ተብላለች። በዚህ ጉዳይ ካናዳ ለአዲስ አበባ ልጅ የምታስተምረው ነገር የለም። ቀለሙ በስሱ ይቀባል፣ በጥጥ እየተዞረ ይታሻል፣ ጠብታ ውኃ ይጨመርበታል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይቀባል። የሊስትሮ ሣጥን ስላልነበረን የብርቱካን ካርቶን ገለበጥኩና አንዱን ጫማ እንዳደረገች እግሯን አስቀመጥኩት። ሲያበቃ በብሩሹ ጀርባ ካርቶኑን ኳ! አደረግሁ። ዝም ብላ አየችኝ። "እግር ቀይሪ ማለት ነው" አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት የ16 ዓመት ሳጅን (እዚያ ቤት የ16 ዓመት ልጅ ሽማግሌ ነው) ጎንበስ ብላ ጫማውን መረመረችና ማን እንዳስተማራት ጠየቀቻት።

"አባቴ።"

"ወታደር ነበሩ?"

"አይ፣ ደንበኛ ነበር።"

በዚህ መሐል ነፃ የተባለው ነገር ጀርባውን ማሳየት ጀመረ። መኮንኖቹ ሥልጠናውን ይመራሉ። ሚኒስቴሩ ለማይከፍለው ጉዞና ድግስ ገንዘብ የሚያመጣው ግን የወላጆች ኮሚቴ ነው። ልጁን ያስመዘገበ ወላጅ ራሱም ተመዝግቧል፤ ልዩነቱ ለወላጅ የደንብ ልብስ አለመኖሩ ነው።

የመጀመሪያው ግዳጅ ሱፐርማርኬት በር ላይ መቆም ነበር። ልጆቹ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ለአላፊ አግዳሚው ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ይሰጣሉ፤ የፈቀደ ሣጥኑ ውስጥ ገንዘብ ይጥላል። መለመን የለም፣ መከተል የለም፣ ፈገግ ብሎ መቆም ብቻ ነው። አንድ ወላጅ አጠገባቸው ይሆናል። ተራው የእኔ በሆነበት ቅዳሜ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት ጎመን ሊገዙ መጡ። መጀመሪያ ልጅቷን አዩ፣ ቀጥሎ ሣጥኑን፣ ቀጥሎ እኔን። ምንም ሳይሉ 50 ዶላር አጣጥፈው ከተቱና ወደ ጎን ጠሩኝ።

"ሥራ አቆምክ እንዴ ልጄ? ምነው ብትነግሩን? ሰው እኮ አለ!"

"ኧረ እማማ፣ ይሄ የወጣቶች ማኅበር ነው፣ መዋጮ ነው..."

"ይሁን ይሁን። ሁሉም ያልፋል" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

እስከ ማታ ድረስ ሽሮ ላምጣ የሚል ስልክ ከየአቅጣጫው ደወለ። ባለቤቴ በኃፍረት ልትሞት ደረሰች። እኔ ግን ተሟገትኩ፦ አባቶቻችን ፊደል የቆጠሩት እንዴት ነው? የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ፣ በየደጁ ከውሻ ጋር እየታገለ አይደለም እንዴ? ይቺ ልጅ እንዲያውም ውሻ የለባትም አልኩ። "የቆሎ ተማሪ ድጓ ይዞ ይወጣል፤ ይቺ ምን ይዛ ትወጣለች?" አለችኝ። ይዛ የወጣችውማ ነበር። የሐበሻው ወሬ በመዛመቱ የዚያን ቀን ከሁሉም የሞላው የእኛ ሣጥን ሆነ። ኮሚቴው ልጅቷ ልዩ ፈገግታ አላት ብሎ በሚቀጥለውም ዙር እዚያው በር ላይ መደበን።

ኖቬምበር 11 ካናዳ በጦርነት የወደቁባትን የምታስብበት ቀን ነው። ካልጋሪ ላይ ሜሞሪያል ድራይቭ ዳር ከ3,500 በላይ ነጭ መስቀሎች ይተከላሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ከክፍለ ግዛታችን ከአልበርታ ደቡባዊ ክፍል ሄዶ የቀረ ወታደር ስም አለ። ከተማው በየቦታው ሥርዓት ያደርጋል፤ ካዴቶቹም በየሐውልቱ ሥር አንገታቸውን ደፍተው ዘብ ይቆማሉ። ልጄም ተራው ደረሳት። ጉልበት ተወጥሮ ከቆመ ሰው ራሱን ይስታልና ጫማ ውስጥ ጣት እያንቀሳቀሱ መቆም ነው፤ ይህን ያስተማሯት እነሱ ናቸው። እናቷን ግን ማንም ምንም አላስተማራትም። ብርዱ ዓይን ያስለቅሳል። ባለቤቴ ትንሽ ቻለች፣ ትንሽ ተቁነጠነጠች፣ ከዚያ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ገመዱን አልፋ፣ ልጅቷን ልታለብስ ሄደች። ሕዝቡ ጸጥ ብሏል።

ልጅቷ ቀና ሳትል፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ "እማዬ፣ ሂጂ" አለች።

"ብርድ ነው።"

"እማዬ። ሂጂ።"

ትእዛዝ ነበር። ባለቤቴ ወደ ኋላ ዞራ ተመለሰች፤ አዟዟሯ እንከን አልነበረውም።

ሥርዓቱ ሲያበቃ ደረታቸው በሜዳልያ የተሞላ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ አዛውንት በጣታቸው ጠሩን። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ከየት እንደሆንን ጠየቁ። "ኢትዮጵያ" ስንላቸው "ኮሪያ ነበራችሁ" አሉ፣ እኔና ባለቤቴ የነበርን ይመስል። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ገብቶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር መሰለፉን፣ አንድም ሰው አለማስማረኩን ልነግራቸው ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ፤ ያውቁታል። የእሳቸውም አገር ከዚያ ጦርነት 516 ልጆቿን ሳታገኝ ቀርታለች። ሲያስገርማቸው የኖረው ሌላ ነገር ነው፦ የእናንተ ሰዎች ያንን የኮሪያ ክረምት እንዴት ቻሉት?

ተረጎምኩላት። ባለቤቴ ምንም አላሰበችም። "ጋቢ ነበራቸዋ!"

አዛውንቱ ጫፉን በጣታቸው እያሹ መረመሩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ጋቢው በዚያው ቀረ። የእናቴ ፈትል ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው የወላጆች ግዳጅ፣ ወደ ካዚኖው ልምጣ። አልበርታ ውስጥ ቁማር ቤት ከሚያስገባው ገንዘብ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ድርሻ አላቸው። ፈቃድ ያለው ማኅበር ወረፋ ይጠብቅና ለሁለት ቀን ተራ ሲደርሰው የራሱን ሰዎች አምጥቶ በነፃ ያሠራል፤ ገንዘብ ቤት ይቀመጣሉ፣ ቺፕ ያመላልሳሉ፣ ሌሊት ይቆጥራሉ። በአውራ ጎዳናው ላይ የሚያልፍ ሰው ሕፃናትን ጨዋ የሚያደርግ ድርጅት በቁማር ይተዳደራል ቢሉት አያምንም፤ እኔም ደብዳቤው እስኪደርሰኝ አላመንኩም ነበር። ባለቤቴ ቆጣሪ ተባለች። ከመሄዷ በፊት የንስሐ አባታችን ዘንድ ደወለች።

"ትጫወታላችሁ?"

"የለም አባ። እንቆጥራለን።"

"የማንን ገንዘብ?"

"የተበሉትን ሰዎች።"

"ለማን?"

"ለልጆች።"

ረጅም ዝምታ ሆነ። "ቀን ነው ሌሊት?"

"ሌሊት ነው አባ።"

"እንግዲያው ምእመናን አያዩአችሁም" አሉና ባረኳት።

በዚህ ግን ተሳስተዋል። እኔ ከገንዘብ ቤቱ ወደ ጨዋታ ጠረጴዛዎቹ ቺፕ አመላላሽ ነበርኩ። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ አንዱ ጠረጴዛ ዘንድ ስደርስ የማውቀው ጀርባ አየሁ፤ የዕድራችን ሰው ነው፣ በስብሰባ ላይ ስለ ቁጠባ ረጅም ንግግር የሚያደርገው። ዞር አለ። ሁለታችንም ክው አልን።

"ለልጆቹ ብዬ ነው" አልኩት ተሽቀዳድሜ።

ቺፖቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። "እኔም" አለ።

አልዋሸም። የዚያን ሌሊት ያጣው ገንዘብ ድርሻው ለልጆች ነው የዋለው፤ ለአንዲት ሰከንድ አመስግኜው ልሂድ ብዬም ነበር። ዕድር ላይ ስንገናኝ እስከ ዛሬ ሰላምታችን አጭር ነው።

በጸደይ የበረራው ቀን ደረሰ። ግላይደር ይሉታል፣ ሞተር የለውም። ሌላ አውሮፕላን በገመድ ጎትቶ ወደ ላይ ያወጣውና ይለቀዋል፤ ከዚያ ነፋሱና አብራሪው ይተዋወቃሉ። ልጆቹ ከአብራሪ ጋር ይወጣሉ፤ 16 ዓመት የሞላውና በውድድር ያለፈ ራሱ የአብራሪነት ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። ባለቤቴ ማብራሪያውን በትዕግሥት ሰምታ "ሞተሩን ምን አደረጉት?" ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ወጥታ ወረደች፤ ለእኔ የሄደችበት ጊዜ አንድ ቅዳሴ ሙሉ ነበር። አዲስ አበባ ደወልን። አያትየዋ እልል ብለው ሲያበቁ የጄቱን ዓይነት ጠየቁ። ልጄ "ሞተር የለውም" ልትል ስትል እናቷ አፏን ያዘቻት።

ሜይ መጀመሪያ ላይ አውራ ጎዳና ማጽዳት አለ። የወጣት ማኅበራት የመንገዱን ዳርና ዳር ተከፋፍለው ቆሻሻ ይለቅማሉ፤ ክፍለ ግዛቱ በኪሎ ሜትር ሒሳብ ይከፍላቸዋል። በረዶው ክረምቱን ሙሉ የሸፈነውን ነገር ሁሉ ሲገልጠው ማየት ነው። የቡና ኩባያ፣ ጎማ፣ አንድ እግር ጓንት (ሁለተኛው የት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም)። በተለይ አጥብቀው ያስጠነቀቁን ስለ ጠርሙስ ነው። ረጅም መንገድ የሚነዱ ሰዎች መቆም ሲሰንፉ የሚሞሉትና በመስኮት የሚወረውሩት አለ፤ ብርሌ ውስጥ ቢያዩት ጠጅ የሚመስል። "አትክፈቱ" ተባልን። እኔ እንደሆነ የጠጅ ቤት ሰው ስለሆንኩ ብርሃን ላይ አንስቼ ጥራቱን አየሁት።

ጁን ላይ የዓመቱ መዝጊያ ሰልፍ ተካሄደ። ሹሩባዋን ጠቅልላ ከቆቧ ሥር የሰበሰበች ልጅ በእንግዳው መኮንን ፊት ስታልፍ እናቷ ከወንበር ተነሥታ ቆመች፤ ሳይታወቃት እጆቿን ከጎኗ ጋር አጣብቃለች። እኔ ፎቶ አነሣሁ፤ የሌላ ሰው ልጅ ሆና ተገኘች፤ በደንብ ልብስ ሁሉም አንድ ናቸው።

ከሰልፉ በኋላ የወላጆች ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። ገንዘብ ያዥ ጠፋ፤ ሁሉም ጫማውን ያያል። ባለቤቴ እጇን አወጣች። ልምድ ሲጠይቋት ብዙ ዓመት ዕቁብ ሰብስባለች፣ አንድም ሳንቲም አልጎደለባትም ብዬ አስረዳሁ፤ ወዲያው ተመረጠች። መጀመሪያ ያቀረበችው ሐሳብ ከዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ የተወሰደ ነው፦ በስብሰባ የሚያረፍድ ወላጅ 20 ዶላር ይቀጣ፣ የሚቀር 40። አዳራሹ ደነገጠ። ፈረንጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ አንድ ፊሊፒናዊ አባት "እደግፋለሁ" አለ፤ ከዚያ አንዲት የናይጄሪያ እናት፤ ከዚያ ሁሉም። ደንቡ ከዚያው ስብሰባ ጀምሮ እንዲጸና ተወሰነ።

እኔ አሥር ደቂቃ አርፍጄ ነበር የገባሁት። ደረሰኙን ስትቆርጥልኝ ስሜን እንደማታውቅ ሰው ጠይቃ ነው የጻፈችው።