ገና አራት ፍሬ አለው

የቃሊቲ ሰው ሐኪም አያስቸግርም። ሌላው ስንት ዓመት ተምሮ የሚደርስበትን ምርመራ እኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን እንጨርሰዋለን። ሰልፉ ረዘም ካለ ደግሞ ሁለተኛ አስተያየት ከኋላ ይመጣል።

ባለፈው ሰሞን መናኸሪያው አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ተራ እየጠበቅሁ ነበር። ከፊቴ የቆመው የታክሲ ረዳት ጉሮሮውን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ፣ «እህቴ፣ አሞክሳሲሊን ስጪኝ፤ ስድስት ፍሬ» አለ። ድምፁ ተዘግቷል። ቶንሲል ይሁን ቀኑን ሙሉ «ሳሪስ፣ ስታዲየም» ሲል መዋሉ ማን ያውቃል። ማዘዣ የጠየቀው የለም፤ የታመመው ጉሮሮ ራሱ መጥቶ ቆሞ ወረቀት ምን ያደርጋል? ልጅቷ ግን ትንሽ ኅሊናዋን ሳይቆረቁራት አልቀረም መሰለኝ፣ ስድስቷን በመቀስ ቆርጣ ካበቃች በኋላ «ይሄ'ኮ በየ8 ሰዓቱ ለ7 ቀን ነው የሚወሰደው፤ 21 ፍሬ ነው» አለችው። ልጁ ከት ብሎ ሳቀ።

«እኔ ሰባት ቀን ሙሉ አልታመምም!»

በራስ መተማመን ማለት እንዲህ ነው። በሦስተኛው ቀን ይሻለዋል። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ምንም ባይውጥም ይሻለው ነበር፤ አንቲባዮቲክ የቫይረስን ዝንብ እሽ አይልም። ምስጋናውን ግን የሚወስደው ካፕሱሉ ነው። የተረፉት ሁለት ፍሬዎች ደግሞ ፌስታል ውስጥ ይገባሉ።

ስለዚህ ፌስታል ትንሽ ልበል፤ ይገባዋል። በሰፈራችን ፌስታል የሌለው ቤት የለም። የእኔው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ከሆድ ቁርጠት የተረፈ ግማሽ ሲፕሮ፣ ስሙ የተፋቀ አንድ ነገር፣ እንዲሁም ለልጅ ተበጥብጦ የቀረ ሽሮፕ አለ። ሽሮፑ ከተበጠበጠ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም ይላሉ፤ የእኛው ሁለተኛ ዓመቱን ሊደፍን ነው፣ ጠንካራ ነው። ጎረቤት ሲያመው ፌስታሉ ወደ ቡናው ይመጣል። አቦል ላይ ሕመሙ ይነገራል፣ ቶና ላይ ምርመራው ያልቃል፣ በረካ ላይ ካፕሱሉ ይታደላል። ለሕፃን ከሆነ ከፍቶ ግማሹን በሻይ ማንኪያ ነው። እናቶቻችን በዳማ ከሴ ያክሙ የነበሩት ኋላ ቀር ስለነበሩ ነው፤ ዳማ ከሴ ቢያንስ ተዋሲያንን ያሠለጠነበት ጊዜ የለም።

ሥልጠና ስል ማጋነኔ አይደለም። በጥቂት ፍሬ ደካማው ባክቴሪያ ይሞታል፤ ጠንካራው ይተርፍና ሰፊ ቤት ተለቆለት ይራባል። ከሁሉ የሚገርመኝ መተሳሰባቸው ነው፦ መድኃኒቱን ማምለጫ የሚሆነውን ዘረ መል አንዱ ለሌላው፣ ለማያውቀው የባክቴሪያ ዝርያ እንኳ ያውሰዋል። እኛ ካፕሱል እንዋዋሳለን፣ እነሱ ማምለጫውን። ማኅበራዊ ኑሮን ከማን እንደተማሩ ግልጽ ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ አላዋቂ ሰው ከሚገባው በታች እየወሰደ ተዋሲያኑን እንዳያላምድ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ሰውዬው ቃሊቲን ሳያይ አማን።

«ግድ የለም፣ እኔ ተመርምሬ ነው የምወስደው» የሚል ጨዋም አለ። ይመረመራል፤ ከጣቱ ደም ይወሰዳል፣ ጠብታዋ ከመመርመሪያ ፈሳሾች ጋር ትደባለቃለች፣ ረጋች ከተባለ አለቀ፦ ታይፎይድና ታይፈስ። ሁለቱ እንደ ሙሽራና ሚዜ ተለያይተው የታዩበትን ቀን አላስታውስም። ይህ ምርመራ የዛሬ ስንት ዓመት ያለፈ ሕመም የተወውን ምልክት እንደ አዲስ ሊያሳይ መቻሉን ማንሣት ነውር ነው። ትኩሳት ያለው ሰው ስም ይፈልጋል፤ ስም ካገኘ መርፌ ይፈልጋል። ሳይወጉት ወደ ሸኙት ክሊኒክ ዳግመኛ አይመለስም።

ጋራዥ ያሉት ወንድሞቻችን ደግሞ መዋጡንም ትተውታል። ብረት የአንዱን ጣት ሲሸረክተው ቴትራሳይክሊኑን ለሁለት ሰብሮ ዱቄቱን እንደ ሚጥሚጣ ነስነስ ያደርግበታል፤ በጨርቅ ያስርና መኪናው ሥር ተመልሶ ይገባል።

የዋጥነውም ቢሆን አይባክንም። ከአሞክሳሲሊን ከግማሽ የሚበልጠው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ አለው፤ የከተማው ፍሳሽ ሁሉ ግን እሱን አያውቀውም፣ በአቋራጭ ወደ ትንሹና ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳል። ዳር ላይ ያለው ገበሬ ያንኑ ውሃ ሰላጣና ቆስጣ ያጠጣል። የቀረው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። ሰላጣ በልቶ መታከም የሚቻልበት ክፍለ ከተማ ስንት አለ? ቂሊንጦ ላይ ለመድኃኒት አምራቾች ተብሎ የኢንዱስትሪ ፓርክ መሠራቱ እንደ መዳፈር ይቆጠራል።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ ስለ ተዋሲያን መላመድ የወጣው ሀገር አቀፍ ስትራቴጂም እ.ኤ.አ ከ2011 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ካርቶኑ ላይም «በሐኪም ማዘዣ ብቻ» ይላል። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ መነጽር ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ በ2019 መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው ሞተ፤ የሞቱ መጠን የከፋውም ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ያው እነሱ 21 ፍሬ መግዛት ያቃታቸው ናቸው ብለን እናዝናለን። ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞት የተኛውን ሰው ግን ሄዶ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ወራት የሚፈጅ ሕክምና ምን እንደሆነ ይነግረዋል። እዚህ ላይ ቀልዱ ትንሽ ያንቀኛል።

የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም አዲስ አበባን ሲያጭዳት አንቲባዮቲክ የሚባል አልነበረም። በዚያ ወረርሽኝ በዓለም ዙሪያ ብዙውን ሰው የጨረሰው ከኢንፍሉዌንዛው ተከትሎ የመጣው፣ በባክቴሪያ የሚነሣው የሳንባ ምች ነበር። እኛ ፔኒሲሊኑን አግኝተን ስናበቃ ወደ 1911 መመለሻውን ትኬት በፍሬ እየገዛን ነው። ኅዳር 12 ቆሻሻችንን የምናጥነው ያንን ለማስታወስ ነው፤ የዓለም የፀረ ተዋሲያን መላመድ ሳምንትም በዚያው ሰሞን ይውላል፣ ባነርም ይሰቀላል።

አምና እኔም ፌስታሌን ይዤ ወጣሁና ክምሩ ላይ ጣልኩት። ክብሪቱን ጭሬ ጭሱ መነሣት ሲጀምር ጎረቤቴ፣ የአቡሽ እናት፣ «ጋሼ፣ ቆይ! ቆይማ!» እያለች ደረሰች። ጭሱን በነጠላዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ ከፌስታሉ አንድ ስትሪፕ መዘዘች። የተጻፈበትን ቀን አላየችውም፤ ወደ ፀሐይ አንሥታ ፍሬውን ቆጠረች።

«ምነው ጋሼ! ገና አራት ፍሬ አለው'ኮ!»