በእናቶች ስልክ ላይ የተካሄደ የመስክ ጥናት

የማኅበራዊ ሚዲያን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከፈጣሪዎቹ ይጀምራሉ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሃርቫርድ ተማሪዎች ተከፈተ፤ በ2006 ደግሞ ዕድሜው 13 ለሞላ ሁሉ ተፈቀደ። የላይኛው የዕድሜ ጣሪያ ግን ሳይወሰን ቀረ። ይህ ጥናት የሚመለከተው በዚሁ ክፍተት ዘግይተው የገቡትን የአዲስ አበባ እናቶች ነው።

ናሙናችን አንድ ስልክ ነው። ያንሳል የሚሉ ተቺዎች ቢኖሩም፣ የስልኩ ባለቤት አራት ልጆች ስላሏቸው በቂ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ፣ እናቶች ራሳቸው አይገቡም፤ ይጫንላቸዋል። ጫኙ ለበዓል የመጣ ልጅ ሲሆን ፓስወርዱን ይዞ ይመለሳል። የትውልድ ቀን ሲጠየቅ ቸኩሎ ጃንዋሪ 1 ስለሞላ፣ በየዓመቱ በፈረንጆች አዲስ ዓመት «መልካም ልደት» ይጎርፋል። የስልኩ ባለቤትም «አሜን፣ እናንተንም» ይላሉ።

ዋናው ግኝት የሚከተለው ነው፦ በስልኩ ላይ ያሉት አፖች የልጆቹ የስደት ካርታ ናቸው። ቫይበር ትልቁ ልጅ ዋሽንግተን ሲገባ ተጫነ። ኢሞ ሁለተኛዋ ቤሩት ሳለች። ኋላ ዱባይ ስትሻገር፣ እዚያ በዋትስአፕ መደወል ስለማይቻል፣ ቦቲም ተጨመረ። ዋትስአፕ የስቶክሆልሙ ልጅ ድርሻ ነው። ቴሌግራም የዕድሩ፣ የማኅበሩና የትም ያልሄደችው የመጨረሻዋ ልጅ ነው። (ሁለት ታክሲ ርቀት ላይ ያለችው ይህች ልጅ ከሁሉም ያነሰ የምትደውልበት ምክንያት ከጥናቱ ወሰን ውጪ ነው።) ቤሩት አሁን ማንም የለም፤ ኢሞ ይጥፋ ወይ ተብለው ሲጠየቁ ግን «ይቀመጥ፣ ምን አስቸገረ» ብለዋል።

ቴሌግራም አዲስ ሰው ሲገባ ቁጥሩን ለያዘ ሁሉ ስለሚያሳብቅ፣ በገቡበት ምሽት የዕድሩ ጸሐፊ፣ ባለሥጋ ቤቱና አንድ የቤት ደላላ «እንኳን ደህና መጡ» አሏቸው። ለሦስቱም «ማን ልበል?» ተብሎ ተመልሷል።

በቪዲዮ ኮል ወቅት የሚታየው ግማሽ ግንባርና ሙሉ ኮርኒስ ነው። ይህ ግን ጥቅም አለው፤ የሳሎኑ ጣሪያ ማፍሰስ መጀመሩን ለቤተሰቡ ያስታወቀው የስቶክሆልሙ ልጅ ነበር።

ዘግይቶ የገባ ሰው ቴክኖሎጂ አይገባውም የሚለውን አስተያየት ጥናቱ አይቀበልም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ አምስት ወር ያህል ሲታገዱ፣ ስልክ ቻርጅ ለመሰካት እንኳ ሰው የሚጠሩት እናት ቪፒኤን ማብራት ቻሉ። «አገሩን ቀይሪልኝ፣ ሆላንድ ዛሬ ደክሟል» ሲሉም ተሰምተዋል። ልጅ ያልሄደበት አገር ስልካቸው ውስጥ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ስልኩ «ሚሞሪ ሞልቷል» ይላል። በየማለዳው በጽጌረዳ ታጅበው የሚመጡት «እንደምን አደራችሁ» ምስሎች እንዲሰረዙ የቀረበው ሐሳብ ውድቅ ሆኗል፤ ከአፖቹም የሚነካ የለም። ስለዚህ ከዚያ ቤት ወደ ሌላ አገር ፕሮሰስ የጀመረ ሰው ካለ፣ ቪዛው ሳይወጣ ባለ 128 ጊጋ ስልክ ይግዛላቸው።